የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ የቱ ነው?

በአማርኛ «ካርታ» የሚለው ቃል ሦስት ቤት ያስተዳድራል። ሠፈር ውስጥ «ካርታ እንጫወት» ከተባለ ነገሩ ጨዋታ ነው። ደላላ ፊት «ካርታ አለው?» ከተባለ ደግሞ ጥያቄው ስለ ቤቱ የይዞታ ወረቀት ነው፤ መልሱም ዋጋውን ሰማይ ሊያወጣው ወይም መሬት ሊያወርደው ይችላል። ሦስተኛው ካርታ በየመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ጠርዙ ተበጣጥሶ የሚንጠለጠለው ነው። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝና ዕድሜዬን የገፋሁት ከዚህኛው ጋር ነው። ጠቅልዬ ተሸክሜው ከክፍል ክፍል ስዞር ኖሬያለሁ። እንዴት እንደሚሠራ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ያስጠየቀኝ አንድ ተማሪ ነው። ወሩ የካቲት፣ ትምህርቱ አድዋ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሦስት ቀስት ስያለሁ፤ አንዱ ዳቦርሚዳ፣ አንዱ አሪሞንዲ፣ አንዱ አልቤርቶኔ። ሦስቱ ጄኔራሎች በሌሊት ተነሥተው እንዴት እንደተለያዩ እየተረክሁ ሳለ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ጣሊያኖቹ ካርታ ነበራቸው አይደል? ታዲያ ካርታ ይዘው እንዴት ይጠፋሉ?»

«ካርታቸው ስህተት ነበረበት» አልኩት።

«ምኑ ላይ?»

ደወሉ አዳነኝ። ልጁ ግን መልሱን አልረሳውም፤ እኔም ጥያቄውን አልረሳሁትም። ስንት ዓመት «የካርታ ስህተት» እያልኩ አስተምሬያለሁ። ካርታ የሚሳሳተው እንዴት ነው? መስመሩ ይጣመማል? ርቀቱ ይዛነፋል? ወይስ ሌላ ነገር አለ? በዚያው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ካርታ መሥራትንና የጂኦግራፊ መረጃ መተንተንን በኢንተርኔት የሚያስተምር አንድ ነፃ ኮርስ ላይ ተመዘገብኩ። ልጄ ሳቀችብኝ። «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ጎግል ማፕን ልትቀድም ነው?» አለችኝ።

* * *

የተማርኩት ሌሊት ሌሊት ነው፤ የሌሊት ጥቅል ይረክሳላ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ እስኪሞት እቀጥላለሁ፤ ከዚያ በስልኬ ብርሃን ማስታወሻዬን እያነበብኩ እጠብቃለሁ። ፕሮግራሙ ኪውጂአይኤስ ይባላል። ጌሪ ሸርማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር በጎ ፈቃደኞች እጅ ያደገ፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት መሣሪያ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ካርታ አንድ ሥዕል አይደለም፤ የተደራረበ ሥዕል ነው። ወንዙ አንድ ንብርብር፣ መንገዱ አንድ ንብርብር፣ ቤቱ አንድ ንብርብር። አንዱን ታነሣለህ፣ አንዱን ትጥላለህ፣ ሁለቱን አጋጥመህ ጥያቄ ትጠይቃቸዋለህ።

እንዲህ ያሉ ኮርሶች ሁሉ የሚያወሱት አንድ ታሪክ አለ፤ የእኛም ኮርስ የተከፈተው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ፣ ሶሆ በተባለ ሠፈር ኮሌራ ገባ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾችን ቤት በሠፈሩ ካርታ ላይ ምልክት አደረገበት። ምልክቶቹ በብሮድ ስትሪት በነበረች አንዲት የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማቹ። በሽታው በመጥፎ አየር ሳይሆን በውኃ እንደሚተላለፍ ለማሳየት ትልቅ ማስረጃ ሆነ። አስተማሪው ቪዲዮውን በዚህ ዘጋው፤ «ካርታ ይናገራል» በሚል መንፈስ።

እኔ ግን የታሪክ ሰው ነኝና ቆፈር አደረግሁት። ከስኖው ጎን አንድ ሌላ ሰው አለ፤ ሄንሪ ዋይትሄድ የሚባል የሠፈሩ ወጣት ቄስ። ዋይትሄድ መጀመሪያ የስኖውን ሐሳብ አልተቀበለውም ነበር። ሊያፈርሰው ብሎ ምእመኖቹን ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ፤ ማን ከየት ጠጣ፣ ማን መቼ ታመመ። ጥያቄው ራሱን አሳመነው። ከፓምፗ አጠገብ ባለው ቤት፣ ወረርሽኙ ከመፈንዳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የታመመችውን ሕፃን ያገኘው እሱ ነው፤ የሕፃኗ ጨርቅ የታጠበበት ውኃ የተደፋው ከፓምፗ ጉድጓድ አጠገብ ነበር። ነጥቦቹ የት እንዳሉ ያሳየው ሐኪሙ ነው። ከነጥቦቹ ጀርባ ማን እንዳለ የነገረው ግን በሩን የሚያንኳኳው የሠፈር ቄስ ነው። ይህንን ማስታወሻዬ ላይ አስምሬበት አለፍኩ። ለምን እንዳሰመርኩበት የገባኝ ቆይቶ ነው።

* * *

የመጀመሪያ ስህተቴ አያቴ የተቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን ገደል ውስጥ መጣሌ ነው።

የአባቴ አገር ደቡብ ወሎ ነው፤ ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርድ ገደል አፋፍ ላይ ያለች መንደር። ኮርሱ «የምታውቁትን ቦታ ውሰዱ» ሲል እሷን ወሰድኩ። አንድ ለሃምሳ ሺህ የሆነውን የመንግሥት ካርታ ቅጂ አገኘሁ። በእነዚያ ካርታዎች ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። የቤተ ክርስቲያኗን ምልክት ቁጥር ከዳርና ከዳሩ አንብቤ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባሁና ከሳተላይት ፎቶ ላይ አሳረፍኩት። ነጥቡ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተንሸራቶ፣ አፋፉን አልፎ አየር ላይ ቆመ። ደግሜ አነበብኩ። ያው ነው። ከ200 ሜትር በላይ ስቷል።

ሁለት ሌሊት ከታገልኩ በኋላ መልሱ ከኮርሱ ሦስተኛ ሳምንት ውስጥ ተገኘ። ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻቸውን ምንም አይናገሩም፤ «ከየት ተነሥቶ የተለካ?» ብለህ መጠየቅ አለብህ። ምድር የተስተካከለች ኳስ ስላልሆነች ቀያሾች ለሂሳባቸው የሚመች ቅርፅና አንድ መነሻ ነጥብ ይመርጣሉ። ይህ «ዳተም» ይባላል። የዛሬው ስልክና ሳተላይት ደብሊው ጂ ኤስ 84 በተባለው ይለካሉ። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች የተለኩት ግን «አዲንዳን» በተባለው ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ 32637 የሚለውን ቁጥር 20137 በሚለው ስቀይረው ቤተ ክርስቲያኗ ከገደሉ ወጥታ በዛፎቿ መሀል ተቀመጠች። እኩለ ሌሊት ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ግን አዲንዳን ማን ነው? ሰው መስሎኝ ነበር። መንደር ነው። በግብፅና በሱዳን ወሰን፣ በአባይ ዳር የነበረ የኑቢያ ሰዎች መንደር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ ነዋሪዎቹ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአካባቢያቸው ተነሥተው ሌላ ቦታ ሠፈሩ፤ ምድራቸውን ሐይቁ ዋጠው። የወሎን ገደል፣ የጎጃምን ሜዳ፣ የአዲስ አበባን አደባባይ ስንለካ የኖርነው ሰዎቿ በተነቀሉባት መንደር ስም ነው። የውኃው አብዛኛው ደግሞ ከእኛው ደጋ የወረደ ነው። መለኪያ ንጹሕ ሂሳብ ይመስለኝ ነበር፤ እሱም የትውልድ ቦታ አለው።

* * *

ከዚህ በኋላ የግድግዳ ካርታን በድሮው ዓይኔ ማየት አልቻልኩም። ማን ለካው? ማን ስም ነገረው? በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የአገራችንን የካርታ ታሪክ እንደገና ማንበብ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1450 አካባቢ ቬኒስ ውስጥ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ የዘመኑን ትልቅ የዓለም ካርታ ሠራ። ካርታው ዛሬም እዚያው ቬኒስ፣ በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት አለ። ፍራ ማውሮ ኢትዮጵያን አልረገጣትም። ነገር ግን በካርታው ላይ ራሱ እንደገለጸው፣ የአገሩ ተወላጆች የሆኑ የሃይማኖት ሰዎች አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው ስለውለታል። እስቲ አስቡት። በእግራቸው ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ጣሊያን የደረሱ መነኮሳት፣ በማያውቁት ገዳም ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው «ይኼ አባይ ነው» እያሉ ሲስሉ። በጽሑፍ ከምናውቃቸው ካርታ ሠሪዎቻችን የመጀመሪያዎቹ እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ስማቸው ግን አልተጻፈም።

ያ ካርታ ስሙ ትክክል ነው፤ ልኩ ግን የለም። ፍራ ማውሮ ከአፍሪካ ውስጥ በደንብ የተነገረው ስለ ኢትዮጵያ ብቻ ስለነበር፣ የእኛን ወንዝና አውራጃ ዘርግቶ ዘርግቶ የአህጉሩን ሰፊ ክፍል ሞላበት። መነኮሳቱ የቀን መንገድ ያውቃሉ፣ ቅደም ተከተል ያውቃሉ። «አንድ ቀን» ስንት ክንድ እንደሆነ ግን የነገረው የለም።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ስምና ጥናት ተገናኙ። በዛሬው ደቡብ ወሎ ከነበረችው መካነ ሥላሴ የሄዱት አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ። በ1652 ደግሞ ወደ ጎታ ከተማ ተጋብዘው ሄደው አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1683 ደግሞ ካርታዋን ሲያሳትም፣ የኢየሱሳውያንን መረጃ ያረመው ከአባ ጎርጎርዮስ ባገኘው እውቀት ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ተሰብሮ ባሕር ቀራቸው። የመንደሮቻችንን ስም አውሮፓ ያደረሱት ሰው መቃብር የላቸውም።

ከዚያም አንቷን ዳባዲ መጣ። ይህ ፈረንሳዊ ከወንድሙ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ መጨረሻ እስከ 1848 ድረስ ከምጽዋ እስከ ከፋ ድረስ እየዞረ፣ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ በቴዎዶላይት እያነጣጠረ ማዕዘን ለካ። የኢትዮጵያን ከፍታማ ምድር በሥርዓት የቀየሰ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የእሱ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል የታተመው በ1873 ነው። ስለዚህ ሰው ልቤን የነካኝ ግን ማዕዘኑ አይደለም። ያው ሰውዬ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ተራራን የለካና ቃልን የሰበሰበ አንድ ሰው ነው። ተራራው ላይ ሲያነጣጥር ስሙን ከአገሬው ይጠይቃል፤ ስሙን ሲጽፍ ትርጉሙን ያጠናል። ሁለቱ ሥራ አንድ ሥራ መሆኑ የገባው ይመስለኛል።

ለሁሉ ግን አልገባውም። አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ።

* * *

የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ፣ የጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር ከሳውሪያ ተነሣ። ወደ 17,000 የሚጠጋ ሰው ነው። ዕቅዱ በጨለማ ተጉዞ ንጋት ላይ አድዋን የሚያዩትን ኮረብታዎች መያዝ ነው። ዳቦርሚዳ በቀኝ፣ አሪሞንዲ በመሀል፣ አልቤርቶኔ በግራ፤ ኤሌና በደጀን። ለአዛዦቹ በእጅ የተነደፈ አንድ ካርታ ተሰጥቷቸዋል። በእሱ ላይ አልቤርቶኔ የሚይዘው ኮረብታ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ ተጽፏል።

አልቤርቶኔ ሌሊቱን ሲጓዝ ከአሪሞንዲ ጦር ጋር መንገድ ላይ ተጠላለፈ፤ ቀድሞት አለፈ። ጎሕ ሳይቀድ ካርታው ኪዳነ ምሕረት ወደሚለው ኮረብታ ደረሰ። ቆመ። ጠበቀ። በቀኙ ሌላ ወገን አላየም። መንገድ መሪዎቹ ግን ያ ኮረብታ ሌላ ስም እንዳለው ያውቃሉ። እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ወደ ፊት፣ ወደ አድዋ ጠጋ ብሎ፣ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው ያለው። «እንዳ» በትግርኛ ቤት ማለት ነው፤ ከታቦት ስም ጋር ሲመጣ ያ ታቦት ያለበትን ቦታ ያመለክታል። ለአገሬው ሰው ስሙ ቤተ ክርስቲያኑን ተከትሎ ይሄዳል፤ የትኛውም ኮረብታ ላይ እንደ ባርኔጣ አይደፋም።

አልቤርቶኔ ትእዛዙ «ኪዳነ ምሕረትን ያዝ» ነበርና ወደ እውነተኛው ቀጠለ። በማለዳ ብቻውን ከኢትዮጵያ ሠራዊት አፍ ውስጥ ገባ። ዳቦርሚዳ ሊረዳው ሲሄድ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባና እሱም ተነጥሎ ቀረ። ቀን ሳይመሽ አልቤርቶኔ ተማረከ፤ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ።

ጥንቃቄ ያሻል። አድዋን ያሸነፈው የካርታ ስህተት አይደለም። ከየአውራጃው ተጠራርቶ፣ ስንቁን በአህያና በራሱ ተሸክሞ የመጣ ሕዝብ ነው ያሸነፈው። ስህተት ለጠላት ቀዳዳ ይከፍታል እንጂ በቀዳዳው የሚገባ ጀግና አይፈጥርም። ደግሞም የአካባቢ እውቀት ያን ጊዜ ዝም ብሎ የተቀመጠ አልነበረም፤ ባሻ አውዓሎም ለጣሊያኖቹ ቀርቦ፣ የሚሰማውን እያሰማ፣ የሚያሳስተውን እያሳሳተ የሠራውን አገር ያውቀዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ተማሪዬ «ምኑ ላይ?» ሲለኝ እኔ በሐሳቤ የተጣመመ መስመር እፈልግ ነበር። ዋነኛው ስህተት የመስመር አልነበረም። ኮረብታው አለ፣ ስሙም አለ፤ ስሙ የተጻፈው ግን ባለቤቱ ባልሆነ ኮረብታ ላይ ነው። ንድፉን የሠራው ሰው ይህን ስም ሲጽፍ አንዲት ጥያቄ ዘልሏል፤ አዲስ አበባ የሚኖር የታክሲ ረዳት በቀን መቶ ጊዜ የሚጠይቃትን፦

«የቱ ኪዳነ ምሕረት?»

የፍራ ማውሮ ካርታ ስም አለው፣ ልክ የለውም። የባራቲዬሪ ንድፍ ልክ አለኝ ይላል፣ ስሙ የተሳሳተ ነው። የመጀመሪያው ሊቃውንትን አስገረመ። ሁለተኛው ሰው ፈጀ።

* * *

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ እኔ ራሴ ያንኑ ስህተት ሠራሁ።

የኮርሱ የመጨረሻ ሥራ የአገልግሎት ተደራሽነትን መተንተን ነበር። የመንደሮችን ነጥብ ከአንድ ነፃ የመረጃ ቋት አወረድኩ፤ በአካባቢው ያለውን ጤና ጣቢያ ምልክት አደረግሁ፤ በዙሪያው አምስት ኪሎ ሜትር የሚሆን ክብ ሳልኩ። «በፈር» ይሉታል። በክቡ ውስጥ ያለ መንደር አረንጓዴ፣ ውጭ ያለው ቀይ። የአባቴ መንደር ደህና አድርጎ አረንጓዴው ውስጥ ገባ። ጥሩ ውጤት አገኘሁ። በከለር አሳተምኩትና ለፋሲካ አገር ቤት ስሄድ ለአጎቴ ይዤለት ሄድኩ።

አጎቴ ሰባ አምስት ዓመት አልፎታል። መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ትንሽ ቆየና በጣቱ ነካው።

«ይኼ ምን ይላል?»

«ጊዮርጊስ ይላል ጋሼ። የእኛ መንደር።»

«የእኛማ ማርያም ናት። ጊዮርጊስ ማዶ ነው፤ ገደሉን ተሻግሮ። ሁለቱን ማን አጋባቸው?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ጣቱ ወደ አረንጓዴው ሄደ።

«ይቺ አረንጓዴስ?»

«ጤና ጣቢያ የሚደርስ ሰው ማለት ነው ጋሼ። አምስት ኪሎ ሜትር ስለማይሞላ።»

«ማን ነው የደረሰው?»

ዝም አልኩ።

«አሞራ ነህ እንዴ አንተ ልጅ?» አለኝ። «ወንዙንስ? ዳገቱንስ? የልጄን ሚስት ረሳሃት?»

አልረሳኋትም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ ምጥ ሲጠናባት ስምንት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ገደሉን ወረዱ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ዳር ላይ አስቀምጠዋት እስኪጎድል ሲጠብቁ አደሩ። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ ሰምቻለሁ፣ ገንዘብ ልኬያለሁ፣ አልቅሻለሁ። ከዚያ ደግሞ በገዛ እጄ፣ ሌሊት ተቀምጬ፣ ያቺን መንደር አረንጓዴ ቀባኋት። አላውቅም ነበር አልልም። የማውቀውን አልጠየቅሁትም።

* * *

የእኛ ገበሬ መለኪያ ይዞ የመጣን ሰው የሚፈራው በከንቱ አይደለም። «ቀላድ» ማለት ገመድ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በብዙ አውራጃ መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ተቆጠረ፤ ገመዱ ያረፈበት ብዙ ሰው ከባለ መሬትነት ወደ ጭሰኝነት ወርዷል። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ፣ ከቁጣው ሥር «ሊለኩን ነው፣ ርስታችን ሊሄድ ነው» የሚል ስጋት ነበረበት። መለካት መወሰድ ነው፤ ይህ ስሜት እስከ አጎቴ ዘመን ወርዷል።

ይሁን እንጂ ያው ገበሬ ካርታ አልነበረውም ማለት አይደለም። አጎቴ የመሬት ደብተሩን አውጥቶ አሳየኝ። አዋሳኞቹ ተጽፈዋል፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ገደል። አንድም ማዕዘን የለበትም፤ ግን ጎረቤት ሁሉ ምስክር ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት የግዛታቸውን ወሰን ሲያስታውቁ የጻፉት በዚሁ ዘይቤ ነው። ባሕር ዳር ካለችው አራፋሊ ተነሥተው፣ ቦታ በቦታ ስም እየጠሩ አገሪቱን ዞሯት። በስም የተሳለ ካርታ ነው። በእነዚያ ዓመታት አውሮፓውያኑ በበኩላቸው አፍሪካን የሚከፋፍሉት በማስመሪያ ነበር።

አጎቴ ጋ አራት ቀን ቆየሁ። ስልኬን ይዤ አብሬው ዞርኩ። እሱ ስም ይነግረኛል፣ እኔ ነጥብ እወስዳለሁ። የበጋ መሻገሪያው የት ነው፤ የክረምቱስ? ከብት የሚወርድበትና ሰው ብቻ የሚወርድበት መንገድ ይለያል? ይለያል። በቃሬዛ የሚወረድበት ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ መዞር አለበት። ይህን የትኛውም ሳተላይት አላየውም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ክቡን አጠፋሁት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካውን የምድር ከፍታ መረጃ በነፃ አወረድኩ። ከእሱ ዳገትና ቁልቁለቱን አወጣሁ። ዋልዶ ቶብለር የተባለው ጂኦግራፈር እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ቀመር የእግረኛን ፍጥነት አሰላሁ፤ በሜዳ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዳገቱ በቆመ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚያ የአጎቴን መንገዶች ጨመርኩበት። አንድ ካርታ አልወጣም፤ ሁለት ወጣ። የበጋና የክረምት። በበጋው መንደሯ ቢጫ ናት፤ ሩቅ ግን የሚደረስ። በክረምቱ ወንዙን የማይሻገር መስመር አድርጌ ስጨምረው ቀይ ሆነች። በኪሎ ሜትር ቢለካ ጤና ጣቢያው ያለበት ቦታ አንድ ስንዝር አልተነሣም።

ለወረዳው የሚሰጥ ነው ብዬ ሁለቱንም አሳትሜ ለአጎቴ ላክሁለት። ድልድይ ይሠራሉ ብዬ አልማልም። ግን ስብሰባ ላይ የሚቀርብ ወረቀት «እዚያ ያለው ሰው ይደርሳል» የሚል ከሆነ፣ ከጎኑ «በነሐሴ አይደርስም» የሚል ሌላ ወረቀት እንዲኖር ፈልጌያለሁ። በነፃው የመረጃ ቋትም ላይ ስሙን አስተካከልኩ። ማርያም እዚህ፣ ጊዮርጊስ ማዶ። ለማረም የፈጀብኝ ጥቂት ደቂቃ ነው። ለማወቅ የፈጀብኝ ግን አራት ቀንና አንድ የአጎት ቁጣ ነው።

መስከረም ላይ ያንን ተማሪ ፈልጌ አገኘሁት፤ ክፍል ተዛውሯል። «የጣሊያኖቹ ካርታ ምኑ ላይ እንደተሳሳተ ጠይቀኸኝ ነበር» አልኩት። ላፕቶፑን ከፍቼ የአድዋን ተራሮች አሳየሁት፣ የአልቤርቶኔን መንገድም በቀይ መስመር። ሁለቱን ኮረብታ በጣቴ ነካሁ። ስሙ የተጻፈበት ይኼ፣ ስሙ የሚኖርበት ያ።

ትንሽ አየና «ታዲያ መጠየቅ አይችሉም ነበር?» አለኝ።

ይችሉ ነበር። መንገድ መሪዎቹ አጠገባቸው ነበሩ።